የፌዴራል መሬት የግጦሽ ገቢ ለካውንቲዎች እንዴት ይከፋፈላል? ከአርቢው ሒሳብ እስከ ካውንቲው ካዝና

በምዕራብ አሜሪካ፣ በኔቫዳም ሆነ በአይዳሆ ወይም በዋዮሚንግ፣ ከብቱን በፌዴራል መሬት ላይ የሚያሰማራ አርቢ ለመንግሥት የግጦሽ ክፍያ ይከፍላል። ከዚያ ክፍያ ጥቂቱ መሬቱ ወዳለበት ካውንቲ (ከስቴት በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ይመለሳል። ካውንቲው ከፌዴራል መሬት ላይ የንብረት ግብር መሰብሰብ ስለማይችል ቢያንስ ከገቢው ይካፈል የሚል ሐሳብ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ገንዘብ ተከትለው ለሚያሰሉ፣ ለሚያካፍሉና ለሚቆጣጠሩ የካውንቲ ገንዘብ ያዦች፣ የበጀት ባለሙያዎችና የትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ስንት በመቶ ይደርሰናል?» ብሎ ነው። ከመቶኛው ይልቅ ግን ገንዘቡ በማን በኩል አልፎ በማን ሒሳብ ውስጥ እንደሚያርፍ ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱ ደረጃ 6 ላይ ይገኛል።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በምሳሌዎቹ ያሉት የካውንቲ ስፋቶችና የገቢ መጠኖች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ መቶኛዎቹና ደንቦቹ ግን የሕጉ ናቸው።

ደረጃ 1። መሬቱ በየትኛው ሕግ ሥር እንደሆነ ይለዩ

ካልኩሌተር ከመነካቱ በፊት ካርታ ይውጣ። በካውንቲው ውስጥ ከብት የሚሰማራበት የፌዴራል መሬት ሁሉ ገቢው በየትኛው ሕግ እንደሚከፋፈል ተለይቶ መመዝገብ አለበት። አጥር ለአጥር የሚዋሰኑና አንድ አርቢ የሚጠቀምባቸው ሁለት መሬቶች ለካውንቲው የሚያመጡት ድርሻ በአራት እጥፍ ሊለያይ ይችላል።

በመሬት አስተዳደር ቢሮ (በተለምዶ ቢኤልኤም) ሥር ያለው መሬት የሚመራው በ1934 በወጣው የቴይለር የግጦሽ ሕግ ነው። ሕጉ ስሙን ያገኘው ከኮሎራዶው የኮንግረስ አባል ከኤድዋርድ ቴይለር ነው። እዚህ ላይ ሁለት አንቀጾች ይለያሉ። አንቀጽ 3 በተደራጁ የግጦሽ ቀጠናዎች ውስጥ ላለ መሬት ነው፤ አርቢው የሚይዘው ፈቃድ ይባላል። አንቀጽ 15 ከቀጠናዎቹ ውጭ ለተበታተነ መሬት ነው፤ አርቢው የሚይዘው ኪራይ ይባላል። አርቢው የሚከፍለው ዋጋ በሁለቱም አንድ ነው፤ የካውንቲው ድርሻ ግን አንድ አይደለም።

በብሔራዊ ደን ውስጥ የሚሰማራ ከብት ክፍያ የሚሰበሰበው በደን አገልግሎት ነው፤ የቴይለር ሕግ አይነካውም። ያ ገቢ ከእንጨት ሽያጭና ከሌሎች የደን ገቢዎች ጋር ተደምሮ በ1908ቱ ሕግ መሠረት 25 በመቶው ለስቴቱ ይሰጣል፤ የሚውለውም ካውንቲዎቹ ውስጥ ላሉ ትምህርት ቤቶችና መንገዶች ነው። ከ2008 ወዲህ ስሌቱ የአንድ ዓመት ገቢ ሳይሆን የሰባት ዓመት ተንከባላይ አማካይ ነው። በ2000 የወጣው የገጠር ትምህርት ቤቶች ድጋፍ ሕግ በሥራ ላይ ባለባቸው ዓመታት ደግሞ ካውንቲው በ25 በመቶው ፋንታ በዚህ ሕግ የተደነገገውን ክፍያ መምረጥ ይችላል። ይህ ሕግ ጊዜው እያለፈ ኮንግረስ ሲያድሰው የቆየ ስለሆነ፣ በጀት ከመያዙ በፊት በዚያ ዓመት የጸና መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው።

የመጨረሻው ዓይነት ብሔራዊ የሣር ምድር ነው። በ1937ቱ የባንክሄድ ጆንስ ሕግ ከተጣራው ገቢ 25 በመቶው በቀጥታ ለካውንቲው ይከፈላል፤ ለትምህርት ቤት ወይም ለመንገድ ብቻ የሚውል ነው።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት «የግጦሽ ገቢ» የሚል አንድ የሒሳብ መደብ ከፍቶ ሁሉንም እዚያ መጨመር ነው። የደኑ ገንዘብ ለመንገድና ለትምህርት የታሰረ ነው፤ የቴይለሩ ግን የስቴቱ ሕግ እንዳዘዘው ይውላል። አንዴ ከተቀላቀሉ ኦዲተር ፊት ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። ለየሕጉ የተለየ መደብ ይክፈቱ።

ደረጃ 2። አርቢው ምን ያህል እንደሚከፍል ይወቁ

የክፍያው መለኪያ ኤዩኤም ይባላል፤ አንዲት ላም ከጥጃዋ ጋር፣ ወይም አንድ ፈረስ፣ ወይም አምስት በግ ወይም ፍየል በአንድ ወር የሚመገቡት ግጦሽ ነው። ዋጋው በቀመር ይወጣል። መነሻው 1.23 ዶላር ሲሆን፣ በግል የግጦሽ መሬት ኪራይ፣ በከብት ዋጋና አርቢው ለግብዓት በሚያወጣው ወጪ መለኪያዎች ይስተካከላል። ቀመሩ ከ1978ቱ የግጦሽ መሬት ማሻሻያ ሕግ የመጣ ነው፤ በ1986 በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ሲጸና ዋጋው ከ1.35 ዶላር እንዳይወርድ፣ በአንድ ዓመትም ከ25 በመቶ በላይ እንዳይወጣና እንዳይወርድ ተደረገ። አዲሱ ዋጋ በየዓመቱ ማርች 1 ሥራ ላይ ይውላል። በ2018 ዋጋው 1.41 ዶላር ነበር፤ ከ2019 እስከ 2025 ግን ወለሉ ላይ፣ 1.35 ዶላር ላይ ቆየ።

(የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽ የሚሆን መሬት በነጻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ይህን አሠራር ለንጽጽር የሚያነብ ሰው መነሻው ራሱ የተለየ መሆኑን አስቀድሞ ይያዝ።)

የአንድ አርቢ ክፍያ እንዲህ ይሰላል። 300 ላሞች ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ይሰማራሉ እንበል፤ 153 ቀን ነው። 153 በ12 ተባዝቶ ለ365 ሲካፈል 5.03 ወር ይሆናል። በግጦሽ ምድቡ (ለአርቢው በተመደበው የግጦሽ ክልል) ውስጥ ካለው መኖ 80 በመቶው ብቻ ከፌዴራል መሬት፣ ቀሪው ከአርቢው ከራሱ መሬት የሚገኝ ከሆነ፣ 300 በ5.03 በ0.80 ሲባዛ ወደ 1,207 ኤዩኤም ይመጣል። በ2025 በነበረው የ1.35 ዶላር ዋጋ ሲባዛ 1,629.45 ዶላር። ጥጆቹ አይቆጠሩም፤ ወደ ግጦሹ ሲገቡ ከስድስት ወር በታች ከሆኑና በፈቃዱ ጊዜ ውስጥ አንድ ዓመት የማይሞላቸው ከሆነ ከእናታቸው ጋር በነጻ ይገባሉ።

ያ 80 በመቶ የተባለው የፌዴራል መሬት ድርሻ ከካውንቲው የመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ቁጥር ነው። ከተረሳ ግምቱ በአንድ አራተኛ ያብጣል። ለፈቃድ ዝውውር፣ ለከብት ማሻገሪያ ፈቃድና ለተጨማሪ የክፍያ ማስታወቂያ የሚጠየቀው የአገልግሎት ዋጋም የግጦሽ ክፍያ ስላልሆነ በመከፋፈያው መነሻ ውስጥ አይግባ።

ደረጃ 3። የተሰበሰበውን በመቶኛ ይክፈሉት

መሬቱ አንቀጽ 3 ከሆነ 12.5 በመቶው ለስቴቱ፣ 50 በመቶው ለግጦሽ መሬት ማሻሻያ ፈንድ፣ 37.5 በመቶው ለፌዴራል ግምጃ ቤት ይሄዳል። ከላይ ካለው 1,629.45 ዶላር ለስቴቱ የሚደርሰው 203.68 ዶላር ነው ማለት ነው። ያው ከብት፣ ያው ቀን፣ ያው ሣር በአንቀጽ 15 ኪራይ ሥር ቢሆን 50 በመቶው፣ 814.73 ዶላር፣ ለስቴቱ ይደርሳል፤ ቀሪው ግማሽ ለማሻሻያ ፈንዱ ይሆናል።

ልዩነቱ ድንገት የመጣ አይደለም። በ1934 ሕጉ ሲወጣ ለሁለቱም ግማሹ ይመለስ ነበር፤ የቀጠናዎቹ ድርሻ ወደ 12.5 በመቶ የወረደው በ1947ቱ ማሻሻያ ነው። የማሻሻያ ፈንዱ ገንዘብ ለአጥር፣ ለውኃ ጉድጓድና ለአረም መከላከያ ስለሚውል መልሶ ካውንቲው ውስጥ ሊሠራበት ይችላል፤ ነገር ግን የካውንቲው ገቢ አይደለምና በበጀት ላይ አይያዝ።

ደረጃ 4። በካውንቲዎች መካከል በስፋት ያካፍሉ

አንድ የግጦሽ ቀጠና ወይም አንድ የተከራየ መሬት በሁለትና ከዚያ በላይ ካውንቲዎች ላይ ሲያርፍ ሕጉ መለኪያውን ራሱ ወስኗል፦ እያንዳንዱ ካውንቲ በዚያ ቀጠና ወይም ኪራይ ውስጥ ባለው የመሬት ስፋት ልክ ይካፈላል። በከብት ብዛት አይደለም፣ በኤዩኤምም አይደለም፣ አርቢው በሚኖርበት ካውንቲም አይደለም።

አንድ ቀጠና በዓመት 240,000 ዶላር ሰበሰበ እንበል። 12.5 በመቶው 30,000 ዶላር ነው። ቀጠናው 1,500,000 ኤከር ሆኖ በ«ሀ» ካውንቲ 900,000፣ በ«ለ» 450,000፣ በ«ሐ» 150,000 ኤከር ቢኖረው ድርሻቸው 60፣ 30 እና 10 በመቶ ነው፤ 18,000፣ 9,000 እና 3,000 ዶላር። የ«ለ» መሬት ሣራም ሆኖ ከከብቱ ግማሽ በላይ የሚሰማራው እዚያ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ አይለወጥም። የ«ለ» ኮሚሽነሮች (የካውንቲው አስተዳዳሪዎች) ቅር መሰኘታቸው አይቀርም፤ ቅሬታው ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን የሚፈታው በኮንግረስ እንጂ በገንዘብ ያዥ ጠረጴዛ አይደለም። በሌላ በኩል የስፋት መለኪያ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ በድርቅ ዓመት ከብት ከአንዱ ካውንቲ ወደ ሌላው ሲዛወር መከፋፈያው አብሮ አይናወጥም።

ስህተት የሚገባው በስፋቱ ቁጥር ላይ ነው። የሚፈለገው ካውንቲው በቀጠናው ውስጥ ያለው ስፋት እንጂ በካውንቲው ያለው ጠቅላላ የፌዴራል መሬት አይደለም። የካውንቲው የግብር መዝገብ ያለው አሃዝና ቢኤልኤም የተጠቀመበት ሠንጠረዥም ሊለያዩ ይችላሉ፤ የመሬት ልውውጥ፣ ሽያጭ ወይም የቀጠና ወሰን ለውጥ ከነበረ በተለይ። ከመከራከር በፊት ለዚያ ዓመት የዋለውን የስፋት ሠንጠረዥ ከቢኤልኤም የስቴት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ኪራዩም በዚሁ መንገድ ነው። ሁለት ካውንቲ ላይ ያረፈ ኪራይ 36,000 ዶላር ካስገባ ግማሹ 18,000 ነው፤ «ሀ» ሁለት ሦስተኛውን መሬት ከያዘ 12,000 ይደርሰዋል። እንግዲህ «ሀ» በጠቅላላ ከቴይለር ሕግ 30,000 ዶላር አገኘ።

ደረጃ 5። የስቴቱን ሕግ ያንብቡ

የፌዴራሉ ሕግ ገንዘቡን ለካውንቲው አይልክም። ለስቴቱ ይልካል፤ ስቴቱም ገቢው የመጣባቸውን ካውንቲዎች በሚጠቅም መንገድ፣ ምክር ቤቱ እንደደነገገው እንዲያውለው ያዛል። በዚህች አንድ ሐረግ ውስጥ ሰፊ ነጻነት አለ። አንዳንዱ ስቴት ለካውንቲው ያስተላልፈዋል፤ አንዳንዱ ከፊሉን ለትምህርት ይመድባል፤ ሌላው ደግሞ በግጦሽ ቦርዶች በኩል ለመሬቱ ማሻሻያ ያውለዋል። ኔቫዳ ለዚህ ሥራ የስቴት የግጦሽ ቦርዶች አሏት።

ከሕጉ ውስጥ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው (ካውንቲው፣ ትምህርት ቤቱ ወይስ ቦርዱ)፤ ለምን ይውላል፤ ካውንቲው የመወሰን ሥልጣን አለው ወይስ ማስተላለፍ ብቻ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ለሚቀጥለው ደረጃ ቁልፍ ስለሆነ መልሱን ከነአንቀጹ በፋይል ያስቀምጡት።

ደረጃ 6። ከግብር ምትክ ክፍያው ጋር ያገናዝቡ

ብዙ የበጀት ግምት የሚበላሸው እዚህ ነው። ፌዴራል መንግሥት በ1976 ባወጣው ሕግ ካውንቲዎች በክልላቸው ላለው የፌዴራል መሬት በግብር ምትክ ዓመታዊ ክፍያ ያገኛሉ፤ በአጭሩ ፒልት ይባላል። የፒልት መጠን በሁለት መንገድ ተሰልቶ የሚበልጠው ይከፈላል።

በመጀመሪያው መንገድ ኤከሩ በከፍተኛው ተመን ይባዛል፤ ውጤቱ በሕዝብ ብዛት ከተወሰነው ጣሪያ ከበለጠ ጣሪያው ይወሰዳል፤ ከዚያ ካውንቲው ባለፈው ዓመት በሌሎች የገቢ ክፍፍል ሕጎች ያገኘው ገንዘብ ይቀነሳል። የቴይለር የግጦሽ ገንዘብ ከሚቀነሱት አንዱ ነው፤ የደኑ 25 በመቶ፣ የባንክሄድ ጆንስና የማዕድን ኪራይ ድርሻም እንዲሁ። በሁለተኛው መንገድ ኤከሩ በዝቅተኛው ተመን ይባዛል፤ ጣሪያው አለ፣ ቅናሽ ግን የለም። በ1994 ማሻሻያ ከፍተኛው ተመን 1.65 ዶላር፣ ዝቅተኛው 22 ሳንቲም ሆነው በዋጋ ንረት ልክ በየዓመቱ ያድጋሉ። ለጣሪያው ከ50,000 በላይ ሕዝብ ያለው ካውንቲ 50,000 እንዳለው ይቆጠራል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ላስ ቬጋስ ያለችበት ክላርክ ካውንቲ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ በዚህ ስሌት የ50,000 ሰው ካውንቲ ናት።

ወደ «ሀ» እንመለስ። ለፒልት የሚቆጠር 900,000 ኤከር አለው፤ ከፍተኛውን ተመን 3 ዶላር፣ ዝቅተኛውን 40 ሳንቲም፣ ጣሪያውን 1,000,000 ዶላር እንያዝ። በመጀመሪያው መንገድ 2,700,000 ጣሪያውን ስለሚያልፍ 1,000,000 ይወሰዳል፤ 30,000ው የግጦሽ ገንዘብ ሲቀነስ 970,000 ይቀራል። በሁለተኛው 360,000 ነው። የሚከፈለው 970,000 ነው። ልብ ይበሉ፦ «ሀ» ምንም የግጦሽ ገንዘብ ባይቀበል ኖሮ ፒልቱ 1,000,000 ይሆን ነበር። ዘንድሮ በአንድ እጁ የተቀበለው 30,000 በሚቀጥለው ዓመት ከሌላው እጁ ይወሰዳል፤ የተጣራ ጥቅሙ ዜሮ ነው።

ይህ የማይሆንባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው፣ ካውንቲው ትልቅ የማዕድን ገቢ ሲኖረው ነው። «ሀ» በማዕድን 700,000 ቢያገኝ የመጀመሪያው መንገድ 270,000 ይሰጣል፤ ሁለተኛው 360,000 ስለሚበልጥ እሱ ይከፈላል፣ የግጦሹ 30,000ም ሳይነካ የካውንቲው ትርፍ ይሆናል። በዚህ ምሳሌ ሚዛኑ የሚገለበጠው ተቀናሾቹ ሲደመሩ 640,000 ሲያልፉ ነው፤ የራስዎን ካውንቲ የመገልበጫ ነጥብ ለማግኘት ጣሪያውን (ወይም ኤከሩ በከፍተኛው ተመን ተባዝቶ የሚያንስ ከሆነ እሱን) ወስደው የሁለተኛውን መንገድ ውጤት ይቀንሱ።

ሁለተኛው፣ የስቴቱ ሕግ ገንዘቡ ራሱን ችሎ ለሚተዳደር የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ወይም ለሌላ ልዩ አገልግሎት አካል እንዲተላለፍ ሲያስገድድ ነው። ያ ገንዘብ ካውንቲው እንደተቀበለው ስለማይቆጠር ከፒልት አይቀነስም። የሚሠራው ግን ማስተላለፉ በሕግ የታዘዘ ሲሆን ነው፤ ኮሚሽነሮች በራሳቸው ፈቃድ ለትምህርት ቤት ቢሰጡት ካውንቲው ተቀብሎ እንደሰጠ ተቆጥሮ ይቀነሳል። ስለዚህ የአካባቢው አስተዳደሮች በድርድር ሊያገኙ የሚችሉት ትልቁ ነገር የድርሻ መጨመር ሳይሆን የስቴቱ ሕግ ገንዘቡን በየት በኩል እንዲያሳልፈው መደንገጉ ነው።

ተቀናሾቹን ለፌዴራል መንግሥት የሚያሳውቀው የስቴቱ ገዥ ወይም የወከለው ቢሮ ነው። በሪፖርቱ ላይ የተላለፈው ገንዘብ «በካውንቲው የተያዘ» ተብሎ ከተጻፈ ከካውንቲው ያለአግባብ ይቀነስበታል። ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ረቂቁን ጠይቀው ከሒሳብ መዝገብዎ ጋር ያመሳክሩ። ፒልት ራሱ በኮንግረስ በጀት ላይ የተመሠረተ መሆኑንም አይርሱ፤ ገንዘቡ ካልሞላ ለሁሉም በተመጣጣኝ ይቀነሳል።

ደረጃ 7። በካውንቲው ውስጥ ያከፋፍሉ

የስቴቱ ሕግ መለኪያውን ካልወሰነ መለኪያው ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። ለትምህርት ቤቶች የተማሪ ቁጥር፣ ለመንገድ የመንገድ ርዝመት፣ ለአረም መከላከያ የመሬት ስፋት ይሠራል። የትኛው ዓመት ቁጥር፣ በየትኛው ቀን የተቆጠረ እንደሚወሰድ በውሳኔው ላይ ይግባ፤ ያለዚያ እያንዳንዱ አካል የሚጠቅመውን ቀን ይዞ ይመጣል።

12,000 ዶላር 410፣ 265 እና 90 ተማሪ ላላቸው ሦስት የትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች ሲካፈል 6,431.3725፣ 4,156.8627 እና 1,411.7647 ይወጣል። ከሳንቲም በታች ያለውን ሲቆርጡት ድምሩ 11,999.99 ነው፤ አንድ ሳንቲም ይጎድላል። የተረፈው ሳንቲም የተቆረጠው ክፍልፋይ ለበዛበት ይሰጥ፤ እዚህ ለሦስተኛው፣ 1,411.77 ይሆናል። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ሒሳቡ በየዓመቱ በአንድ ሳንቲም የማይገጥም ከሆነ ኦዲተሩ ሌላውንም ይጠራጠራል።

ደረጃ 8። ጊዜዎቹን ያስታርቁ

የግጦሽ ዋጋ ዓመት ከማርች ይጀምራል፤ የፌዴራል በጀት ዓመት ከኦክቶበር 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው፤ የካውንቲዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጁላይ ወይም ከጃንዋሪ ይጀምራል። ክፍፍሉ የሚከተለው ገንዘቡ የተሰበሰበበትን የፌዴራል ዓመት ነው። በተራራማ አካባቢ ክፍያው በጸደይ ስለሚገባ ችግር የለም። በኔቫዳ በረሃ ግን ከኖቬምበር እስከ ማርች የሚሰማራ ከብት ክፍያው በቀጣዩ የፌዴራል ዓመት ይወድቃል። ካውንቲው ገቢው ድንገት ወረደ ብሎ ከመደንገጡ በፊት የክፍያ ቀናቱን ይመልከት።

ገቢን ለመገመት ዋጋውን ሳይሆን ኤዩኤሙን ይከታተሉ። ዋጋው ለሰባት ዓመት ባልተነቃነቀበት ጊዜ እንኳ ገቢው ይለዋወጥ ነበር፤ ድርቅ፣ የእሳት አደጋ፣ አርቢው ራሱ ፈቃዱን ሳይጠቀም ማሳለፉ ቁጥሩን ይቀንሳሉ። ያለፉትን አምስት ዓመታት የተከፈለባቸውን ኤዩኤሞች ይጠይቁ፤ የተፈቀደው ሳይሆን የተከፈለበት።

ገንዘቡ ሲገባ ከስሌትዎ ካነሰ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ፦ አንቀጽ 3 እና 15 ተቀያይረዋል ወይ፤ የስፋት ሠንጠረዡ ያው ነው ወይ፤ ከተሰበሰበው ውስጥ ወደ ሌላ ዓመት የተላለፈ አለ ወይ፤ ስቴቱ ከማስተላለፉ በፊት የቀነሰው አለ ወይ፤ በዚያ ዓመት የፌዴራል አጠቃላይ የወጪ ቅነሳ ተፈጻሚ ሆኗል ወይ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለቢኤልኤም የስቴት ጽሕፈት ቤት፣ አራተኛው ለስቴቱ ገንዘብ ያዥ የሚቀርቡ ጥያቄዎች ናቸው። አምስተኛው የሚታየው ከክፍያው ጋር በሚመጣው መግለጫ ላይ ነው፤ መግለጫው ካልመጣ ገንዘቡን ከማከፋፈልዎ በፊት እሱን ያስመጡ።